በሞቴ የማይል ቻርጀር

ልጅ ሆኜ የማውቀው የባትሪ ቻርጀር አንድ ብቻ ነበር፤ ፀሐይ። የአባቴ ሬድዮ ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ዜና አንባቢው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያነብ ሲመስል፣ አራቱ የባትሪ ድንጋዮች ከሆዱ ይወጡና ሰፌድ ላይ እንደ በርበሬ ይሰጣሉ። ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ደመና የጣለ ቀን ደግሞ አባቴ አንድ በአንድ በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርጋቸዋል። ማታ ሬድዮው ለሩብ ሰዓት ያህል ይናገራል፤ የቀረውን ዜና አባቴ ራሱ ይጨርሰዋል። ፀሐይዋ ምንም እንዳልሞላች፣ ሙቀቱ ውስጣቸው የቀረችውን ትንሽ ኬሚካል ቀስቀስ አድርጎ ብቻ እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እነዚያ ድንጋዮች ከመጀመሪያውም የሚሞሉ ዓይነት አልነበሩም። እኔ ግን ስንት ቀን ዶሮ ስከላከልላቸው ውያለሁ።

አሁን የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። የጃንዋሪ ፀሐይ ለፎቶ ካልሆነ ለምንም የማትወጣበት አገር። እና ሞተር ሳይክል አለኝ።

«ሚኒሶታ ተቀምጠህ ሞተር ምን ያደርግልሃል?» ያላለኝ ሐበሻ የለም። እውነታቸውን ነው። ያገለገለች ሆንዳ ናት፤ ኤፕሪል ላይ ትወጣለች፣ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ትገባለች። ስድስት ወር ሠርታ ስድስት ወር የምትተኛ፣ እኔ በሙሉ ዕድሜዬ ያላገኘሁትን የሥራ ውል ያገኘች ፍጡር ናት።

አማርኛ ለዚህ አገር ብርድ ስም አላዘጋጀም። ክረምት እንዳንለው፣ ክረምት ዶፍ ነው፣ ጭቃ ነው፣ የተጠበሰ በቆሎ ነው። በጋ እንዳንለው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ በእኛ አቆጣጠር በጋ ቢሆኑም፣ እዚህ ኅዳርን በጋ ያለ ሰው ሐኪም ይየው ይባላል። ስለዚህ ሁላችንም «ዊንተር» ብለን ተገላገልን። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ላይ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ወርዳ ነበር። በፌብሩዋሪ 1996 ደግሞ በሰሜን በኩል ያለችው ታወር የምትባል ከተማ ከዜሮ በታች 51 ደርሳ የግዛቲቱን ሪከርድ ይዛለች። አሜሪካኖቹ በፋራናይት፣ እኛ በሴልሺየስ ስንከራከር እንቆይና ከዜሮ በታች 40 ላይ ሁለቱ መለኪያዎች እኩል ይሆናሉ። እዚያ ስንደርስ ብርዱ ራሱ ያስታርቀናል።

የመጀመሪያው ዊንተር ለባትሪው ምንም አላደረግሁለትም። ሞተሯን ጋራዥ አስገብቼ፣ ሸራ አልብሼ፣ «በይ ደኅና ክረሚ» ብዬ ዘጋሁ። ኤፕሪል ላይ ቁልፉን ሳዞር ትክ የሚል ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። መቀመጫውን አንስቼ ባየው፣ ባትሪው ሆዱ ተነፍቶ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ አሲዱ ታች ፈስሶ ብረቱን አዝጎታል።

ብርዱ ብቻውን አልነበረም የገደለው። የሞተር ባትሪ ውስጡ የእርሳስ ሳህኖችና በውሃ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ሲሠራው አጼ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና አራት ዓመታቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የውስጡ ነገር ብዙም አልተለወጠም። ባትሪው ሙሉ ሲሆን አሲዱ ያለው ፈሳሹ ውስጥ ነው። ሲያልቅ አሲዱ ሄዶ ሳህኖቹ ላይ ይለጠፍና የሚቀረው ፈሳሽ ውሃ ለመባል ትንሽ የቀረው ነገር ይሆናል። ሙሉው አረቄ ነው በሉት፣ ያለቀው ቅራሪ። አረቄ ፍሪዘር ውስጥ አድሮ አይረጋም፤ ቅራሪ ግን ጠጥሮ ይጠብቅሃል። ሙሉ ባትሪ የታወርን 51 ዲግሪ እንኳ ይችላል። ያለቀው ከዜሮ በታች 10 ሳይሞላ በረዶ ይሆናል፤ በረዶ ደግሞ ከውሃ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ሳጥኑን ያፈነዳዋል። የእኔን ማን ወደ ቅራሪነት እንዳወረደው ስጠይቅ፣ በጠፋች ሞተር ላይ ስድስት ወር ሙሉ ሰዓቱን ሲቆጥር የከረመው ሰዓትና ሌባ ሲጠብቅ የከረመው አላርም ሆነው ተገኙ። ሌባውም አልመጣም።

ባትሪው ባይፈነዳም እንኳ ባዶውን መክረሙ ራሱ ጦስ አለው። ሳህኖቹ ላይ የተለጠፈው ነገር ቀን በጨመረ ቁጥር እየደረቀ፣ ሳይታጠብ እንዳደረ የገንፎ ድስት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብትሞላውም የሚይዘው ግማሹን ነው።

በሁለተኛው ዓመት ብልጥ ሆንኩ። ማለትም ገበያ ወጥቼ ከቻርጀሮቹ ሁሉ ርካሹን ገዛሁ። ስሙን አልጠራም፤ ምን አደረገኝ፣ እኔው ነኝ የመረጥኩት። ቀይ መብራት አለው፤ ሌላ መብራት የለውም። ሲሰካ ይሰጣል። ባትሪው ሲሞላም ይሰጣል። ሞልቶ «ኧረ በቃኝ» ሲልም ይሰጣል።

ይህ ቻርጀር የታላቅ እህቴን ያስታውሰኛል። እህቴ ቤት ሄዶ «ጠግቤያለሁ» ማለት ንግግር መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። «በሞቴ» ትላለች። «እኔ ልሙት ይቺን ብቻ» ትላለች። «ያለፈው ጊዜ የበላኸውን ግማሽ እንኳ አልበላህም፤ ምነው ወጡ አስጠላህ?» ትላለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፣ ሁለተኛው ያፋቅራል፤ ስለ ሰባተኛው የተነገረ ነገር የለም። ሰው ይህን ሁሉ ችሎ ሶፋው ላይ ዘፍ ይላል። ባትሪ ግን ሶፋ የለውም። ከጠገበ በኋላ የሚገባው ኤሌክትሪክ ውሃውን ወደ ጋዝ እየለወጠ ያተነዋል፤ ውሃው ሲያልቅ ሳህኖቹ ይራቆታሉ፤ ባትሪው ይግላል፣ ያብጣል። ፌብሩዋሪ ላይ ባለቤቴ «ታች የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ነገር አለ» ስትለኝ ማቀዝቀዣውን ነበር የፈተሽኩት። ሁለተኛው ባትሪዬ እንዲህ በእህቴ አያያዝ፣ በቁንጣን ሞተ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ምክር ጠየቅሁ። ምክር ከፈለጉ ደግሞ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ያለው የመኪና ማቆሚያ ይበቃል። ሐበሻ ተሰብስቦ አንድ መኪና ኮፈኑን ከከፈተ ያልመካነከ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

አንዱ፣ «ምን ቻርጀር ያስፈልግሃል? በየሳምንቱ ቅዳሜ አስር ደቂቃ ማስነሳት ነው» አለኝ። ይህ ምክር በጣም የተወደደ ነው፤ በጣምም የተሳሳተ። ሞተር ሲነሳ ከባትሪው የሚወስደው ጉርሻ ትልቅ ነው፤ ቆሞ አስር ደቂቃ በማንጎራጎር አይመልሰውም። በዚያ ላይ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ዘይቱና ጭስ ማውጫው ውስጥ እርጥበት አጠራቅሞ ይቀራል። በየሳምንቱ መቀስቀስ የተኛን ሰው እየቀሰቀሱ «ተኝተሃል?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ሌላው፣ «ኔጌቲቩን ንቀልና ተወው» አለ። ይህኛው ግማሽ እውነት ነው። ሰዓቱንና አላርሙን ከማብላት ይተርፋል፤ ነገር ግን ባትሪ ማንም ሳይነካው በራሱም ይፈሳል፣ ቀስ እያለ። ብርድ ውስጥ ሲሆን እንኳ ይሄ መፍሰስ ይዘገያል። ለሁለት ወር ምክሩ ይበቃ ነበር። ስድስት ወር ግን ሌላ ነው። (የሚነቅል ሰው መጀመሪያ ጥቁሩን ይንቀል፤ ሲመልስ ጥቁሩን መጨረሻ። ቀዩን ቀድሞ የፈታ ሰው መፍቻው የሞተሩን ብረት የነካ ዕለት ከብየዳ ቤት የወጣ ይመስላል።)

ሦስተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብቻ ሲሚንቶ ላይ እንዳታስቀምጠው፣ ይመጠዋል» አሉኝ። ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። «ሲሚንቶ ላይ አትቀመጥ፣ ብርድ ይመታሃል» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ለካ አሜሪካኖቹም ባትሪያቸውን እንዲሁ እያሉ ነው የሚያሳድጉት! ነገሩ ሥር አለው፤ የጥንት ባትሪዎች ሳጥናቸው የእንጨት ወይም የጠንካራ ጎማ ስለነበር እርጥበት ያሳልፍ ነበር። የዛሬው ፕላስቲክ ነው፤ ሲሚንቶ ምንም አያደርገውም። ቢሆንም ጣውላ ላይ አስቀመጥኩት። የእናት ቃል ነው።

ከዚያ ገበያ። አሜሪካኖች ባትሪ እየጠበቀ የሚያከርመውን ቻርጀር ሁሉ «ባተሪ ቴንደር» ይሉታል፤ የአንዱ ኩባንያ ዕቃ ስም ነው፣ እኛ የልብስ ሳሙናውን ሁሉ ኦሞ እንደምንለው። ቃሉን ወደ አማርኛ ልመልስ ብል «የባትሪ ሞግዚት» ይሆናል። ስዊድኖች ሲቴክ የሚባል አላቸው፤ ብርድ ከእኛ በፊት የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና ንቄ አላለፍኩትም። ኦፕቲሜት አለ፣ ኖኮ አለ። መደርደሪያው ፊት ቆሜ ካርቶን እያገላበጥኩ ሳነብ፣ ባለቤቴ ለልጆቻችን የዱቄት ወተት ስትመርጥ ይህን ያህል እንዳልቆየች ነገረችኝ።

ሻጩ ልጅ ትልቁን ሊያሸክመኝ ፈለገ፤ ለመኪናም የሚሆን፣ 10 አምፔር የሚሰጥ። «ቶሎ ይሞላልሃል» አለኝ። ልጁ የማያውቀው ሁለት ባትሪ የቀበርኩ ሰው መሆኔን ነው። የሞተሬ ባትሪ 12 አምፔር ሰዓት ነው፤ የመኪና ባትሪ ግን የዚህ አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። የቆየው ደንብ ባትሪን በይዞታው አንድ አስረኛ ሙላው ይላል፤ ለእኔ አንድ አምፔር ከምናምን ይበቃኛል ማለት ነው። ለሕፃን በጭልፋ አያጎርሱም። ደግሞስ ምን አስቸኮለኝ? ስድስት ወር አለኝ።

ዋናው ነገር ግን መጠኑ አይደለም፣ ማቆም ማወቁ ነው። ደኅናው ቻርጀር መጀመሪያ ባትሪውን በደንብ ያበላዋል፣ እስከ 14 ነጥብ 4 ቮልት ገደማ። ሲጠግብ ያውቃል። ከዚያ እጁን ይሰበስብና 13 ነጥብ ምናምን ላይ ወርዶ፣ በራሱ የሚፈሰውን ያህል ብቻ እየተካ ይቀመጣል። ይጠብቃል፣ ዝም ይላል። «በሞቴ» አይልም። እንዲህ ዓይነት ጠባይ ያለው ዘመድ የለኝም።

ሊትየም ባትሪ ያለው አንድ ወዳጅ አለኝ። ባትሪውን ሲያነሳው፣ ከቀላልነቱ የተነሣ የተጠቀለለ እንጀራ የያዘ ይመስላል። እሱ የራሱን ዓይነት ቻርጀር፣ ወይም «ሊትየም» የሚል ምርጫ ያለውን መግዛት ነበረበት፤ የእርሳስን ባትሪ ከደረቀው ቅርፊት ላላቅቅ ብሎ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ቻርጀር ሊትየሙን ሊያበላሽበት ይችላል። ለጾመኛ ክትፎ እንደማቅረብ ነው። ከዜሮ በታች በሆነ ብርድም አይሞላም፤ መጀመሪያ ቤት ገብቶ ይሙቅ ይላል። ስድብ ባይሆንብኝ፣ ቅንጡ ነው።

የእኔን ጋራዥ የሠራው ሰው ሶኬት ማስገባት ረስቷል። ስለዚህ ባትሪውን ፈትቼ ቤት ማስገባት ግድ ሆነ። ቤዝመንት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ጣውላው ላይ አስቀመጥኩት፤ ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር ያዝኩት፣ ሰካሁ። ብርቱካናማ መብራት በራ። በማግሥቱ ማለዳ ወርጄ ሳየው አረንጓዴ ሆኗል። እዚያው ቆሜ ትንሽ አየሁት።

በዚያው ሳምንት የባለቤቴ እናት ከደብረ ብርሃን መጡ፤ የስድስት ወር ቪዛ ይዘው። ሞተሯ ስትገባ ገቡ። «ብርድ ለኔ አዲስ ነው? አመዳይ ስንረግጥ ያደግን ነን» ብለው ኤርፖርት በር ላይ ያቀረብኩላቸውን ትልቅ ካፖርት መለሱልኝ። በሩ ተከፈተ። አንድ እርምጃ ወጡ። ወደ ኋላ ተመልሰው እጃቸውን ዘረጉ፤ ካፖርቱን ሰጠኋቸው። ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ከዚያ በኋላ አላነሱም።

መኝታቸው ቤዝመንት ነው። ስለዚህ ከባትሪው ጋር ጎረቤት ሆኑ። በየእሁዱ ቴስተሬን ይዤ ወርጄ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ ባትሪውን ትንሽ ካሳረፍኩ በኋላ ስለካው፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይከታተሉኛል።

«ምኑን ነው የምትለካው?»

«ግፊቱን ነው እማማ።»

«ስንት አለው?»

«12 ነጥብ 7። ሙሉ ነው። 12 ነጥብ 2 ከሆነ ግማሽ ነው፤ 12 ላይ ከደረሰ አልቆለታል።»

«ይሄ ሁሉ ጭንቅ በአንድ ነጥብ ውስጥ ነው?» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «የኔ ባለፈው 140 በ90 ሲሆን ‹ደኅና ነው፣ ጨው ይቀንሱ› ብለህ ወደ ሥራህ ሄድክ።»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ እሁድ እሁድ ሁለት ግፊት መለካት ጀመርኩ።

አንድ ነገር ግን ከነከናቸው። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ታች ያለው ግን ሌሊትም ቀንም ተሰክቷል። «ሁልጊዜ ይበላል?» አሉኝ አንድ ቀን። «አይ፣ ጠግቧል፤ አሁን የሚጠብቀው ብቻ ነው» አልኳቸው። «ጠግቦ ማዕድ ላይ ምን ያስቀምጠዋል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። የቮልት ደረጃዎቹን ላስረዳ ብጀምር «ተወው ልጄ፣ እሳት እንዳይነሳ ብቻ» ብለው ዳዊታቸውን ገለጡ።

ዊንተሩ እንዲህ አለፈ። ስለ ቀሩት ዝግጅቶች ብዙ አላወራም፤ ታንኩን ሙሉ፣ ቤንዚኑ እንዳይበላሽ መድኃኒቱን ጨምሩበት፣ አየር ማጣሪያው ውስጥ አይጥ ቤት እንዳትሠራ ተመልከቱ። እኔ የተመለከትኩት ዘግይቼ ነው፤ አይጧ ከእኔ የተሻለ ቤት ሠርታ አገኘኋት፣ የቤት ዕዳም የለባትም።

ፋሲካ ማግሥት በረዶው ቀልጦ፣ መንገዱ ከጨው ታጥቦ፣ ባትሪውን እንደ ታቦት ይዤ ወጣሁ። ቀዩን አስቀደምኩ፣ ጥቁሩን አስከተልኩ። ቁልፉን አዞርኩ፣ ተጫንኩት። ገና ጣቴን ሳላነሳ ተነሳች! ሠፈሩን ሁለት ጊዜ ዞሬ ስመለስ ቡና ተፈልቷል። ፈንዲሻው ቀርቧል። እኔም ለባለቤቴና ለእናቷ ስለ ቻርጀሩ ጥበብ ማስረዳት ጀመርኩ፤ እንዴት ባትሪውን ከስድስት ወር እንቅልፍ እንዳሻገረው፣ እንዴት ቀንም ሌሊትም ሳይለየው እንደጠበቀው።

እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ቀን ቀን እኮ እነቅለው ነበር» አሉ።

«ምን?»

«እናንተ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትወጣላችሁ፤ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ እሳት ቢነሳስ? እነቅለዋለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልትመጣ ስትል እሰካዋለሁ። አረንጓዴውን ሳታይ እራት እንደማትበላ አውቃለሁ።»

ባለቤቴ ፈንዲሻ ትን አላት። እኔ በሆዴ ሒሳብ ሠራሁ። የታሸገ ደኅና ባትሪ በወር በራሱ የሚያፈሰው ጥቂት ነው፤ ሞልቶ ሳለ በየወሩ አንድ ሁለት ቀን እንኳ ቢሰካ ይበቃው ነበር። እሳቸው ቀን ሲያስጾሙት፣ ማታ ሲያስፈስኩት ከርመዋል። ይህን ካደረገ ሰው ጋር ደግሞ የመጀመሪያው ርካሽ ቻርጀርም፣ ያ «በሞቴ» የሚለው፣ በትንሽ ሰዓት ማስተካከያ ሳይሠራ አይቀርም ነበር። ለዘመናዊው የከፈልኩትን ዋጋ ግን እዚህ መጻፍ አልፈልግም።

ያን ዕለት ማታ ቻርጀሩን ጠቅልዬ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት። ሊነጋጋ ሲል ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። እማማ ናቸው፤ ግድግዳ ተደግፈው ይወጣሉ።

«ምነው እማማ፣ አመመዎት?»

«አላመመኝም። ለጸሎት ስነሳ የማይባት ያቺ መብራት የት ሄደች? ጨልሞብኝ ጉልበቴን ማጠቢያው ላይ መታሁት።»

ወረድኩ። ካርቶኑን ከፈትኩ፣ ቻርጀሩን ሶኬቱ ላይ ሰካሁት፤ ቀዩና ጥቁሩ ጫፍ ጣውላው ላይ፣ ምንም ሳይዙ። መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ባትሪ እየፈለገ ነው። እማማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላዬ ቆመው አዩት።

«አረንጓዴው ይሻል ነበር» አሉ፤ ከዚያም ዳዊታቸውን ከትራስ ሥር አወጡ።